ለአዘጋጁ፦ የዝናቡ ሥዕል ከመስከረም ቢጀምርስ?

ክቡር አዘጋጅ፣

በቅርቡ ስለ ክረምቱ ባወጣችሁት ጽሑፍ ጎን የባሕር ዳርን ወርኃዊ ዝናብ የሚያሳይ፣ በዓምዶች የተሠራ ሥዕል አትማችሁ ነበር። ዓምዶቹ በልካቸው የቆሙ ናቸው፤ ቁጥሮቹም እኛ እዚህ ከምናውቀው ክረምት ጋር ይስማማሉ። ቅር ያሰኘኝ ከሥዕሉ ሥር የሰፈረው፣ የከተማዋ ዝናብ ደወል መሰል ስርጭት (መሃሉ ከፍ ያለ፣ ግራና ቀኙ እኩል የሚወርድ) እንዳለው የሚናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ይህን የምጽፈው ጸሐፊውን ለመንቀፍ አይደለም። እኔ ራሴ ስታቲስቲክስ እያስተማርኩ ከዚሁ ስሕተት ጋር አንድ ሙሉ የትምህርት ዘመን ስለኖርኩ፣ እንዴት እንደገባሁበትና ማን እንዳወጣኝ ብናገር ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው።

የማስተምረው እዚሁ ባሕር ዳር፣ ለጀማሪዎች ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ካወጣኋቸው የፈተና ጥያቄዎች አንዱ የከተማችንን የ12 ወራት ዝናብ በዓምድ ሥዕል አቅርቦ «ይህ ስርጭት ምን ዓይነት ቅርጽ አለው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። የአየር ጠባይ መረጃ አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጆቹ ወር ስለሚመዘገብ፣ እኔም እንዳገኘሁት ከጃንዋሪ ጀምሬ እስከ ዲሴምበር ደረደርኩት። ዳርና ዳር ያሉት ዓምዶች ከወለሉ ብዙም ፈቀቅ አይሉም፤ መሃል ላይ ጁላይና ኦገስት ተራራ ሠርተዋል። ተማሪዎቹ ከጥቂቶቹ በቀር «ደወል መሰል፣ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ» ብለው ጻፉ፤ እኔም ሙሉ ነጥብ ሰጠኋቸው። የመልስ ቁልፉን ያዘጋጀሁትም እኔው ነበርኩ።

ወረቀቱ ከተመለሰ በኋላ ከዘጌ የመጣች አንዲት ተማሪ፣ በቀይ የተሰረዘባትን መልስ ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። ጥያቄውን በቃል በመመለስ ፈንታ፣ ወራቱን በእኛ አቆጣጠር ደርድራ ሥዕሉን እንደገና ሥላው ነበር። መስከረም ላይ ዝናቡ ገና ጨርሶ ስላልወጣ የመጀመሪያው ዓምድ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ጥቅምት ላይ ዝቅ ይላል፤ ከኅዳር ጀምሮ እስከ የካቲት ወለል ለወለል ይሄዳል፤ ግንቦት ላይ ቀና ማለት ይጀምርና ሐምሌና ነሐሴ ቀኝ ጫፍ ላይ ግንብ ሆነው ይቆማሉ። ደወሉ ጠፍቶ ሸለቆ ሆነ። «መምህር፣ ዝናቡ ያው ዝናብ ነው። ታዲያ ቅርጹን የሰጠው ዝናቡ ነው ወይስ የአዲስ ዓመቱ ቀን?» አለችኝ። የምመልሰው ስላልነበረኝ «ወረቀቱን ትተሽልኝ ሂጂ» አልኳት። በማግስቱ የሁሉንም ነጥብ አነሣሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጥያቄ በፈተና ሳይሆን በመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ላይ አቀርበዋለሁ።

ስሕተቱ የሚገኘው ወለሉ ላይ ነው። በጋዜጣችሁም ሆነ በእኔ ፈተና ሥዕሉ የቆመበት አግድም መስመር የወራት ስም የተጻፈበት ነው፤ የዓምዱ ቁመት ደግሞ የዝናቡ መጠን ነው። ይህ ሥዕል አንድ ነገር በጊዜ ሂደት እንዴት እንደሚወጣና እንደሚወርድ የሚናገር፣ በራሱ እጅግ ጠቃሚ የሆነ ሥዕል ነው። የስርጭት ቅርጽ ሲባል ግን የሚጠየቀው ሌላ ነው፦ ቁጥሮቹ ራሳቸው፣ ትንንሾቹና ትልልቆቹ፣ የት የት ተሰበሰቡ፣ የትኛው ቦታ ሳሳ፣ የትኛው ባዶ ቀረ? ያንን የሚያሳየው ሂስቶግራም ወለሉ ላይ የሚሊ ሜትር ልክ ተጽፎበት፣ የዓምዱ ቁመት ደግሞ በዚያ ልክ ውስጥ ስንት ወራት እንደዋሉ የሚቆጥር ነው። የወራት ስም እዚያ ላይ ቦታ የለውም፤ ስለዚህም ዓመቱ ከመስከረም ቢጀምርም ከጃንዋሪ ቅርጹ አይለወጥም።

አሁን ይህን የማሳየው በሽምብራ ነው። የክፍሉ ሲሚንቶ ወለል ላይ በጠመኔ ረጅም መስመር እሰምርና ከ0 እስከ 100፣ ከ100 እስከ 200 እያልኩ እስከ 500 ሚሊ ሜትር እከፍለዋለሁ። ለ12 ተማሪዎች አንዳንድ ሽምብራና በወረቀት ቁራጭ የአንድ ወር የረጅም ዘመን አማካይ ዝናብ እሰጣለሁ፤ እየመጡ ሽምብራቸውን በሚገባው ክፍል ላይ ያስቀምጣሉ። ስምንቱ ሽምብራ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ይቆለላል። ጁንና ሴፕቴምበር ቀጥሎ ባለው ላይ ይውላሉ። ከዚያ ባዶ ሲሚንቶ አለ። ከባዶው ባሻገር ጁላይና ኦገስት ርቀው ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ደወል የሚባል ነገር እዚያ ወለል ላይ የለም፤ ያለው በግራ በኩል ክምር፣ ወደ ቀኝ ደግሞ የተዘረጋ ጅራት ነው።

በዚህ ጊዜ በየዓመቱ አንድ ተማሪ እጁን ያወጣና «እነዚያ ሁለቱ ያፈነገጡ ቁጥሮች ስለሆኑ አይወጡም?» ይላል። ያፈነገጠ ቁጥር ይጣላል የሚለውን ከየት ቃርመው እንደሚመጡ አላውቅም፤ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃላቸው ይዘውት ይመጣሉ። እኔም በመስኮቱ ወደ ሐይቁ እያሳየሁ፣ ከከተማችን የዓመት ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚወርደው በእነዚያ ሁለት ወራት መሆኑን፣ እነሱን ጥሎ የሚሠራ ስሌት ጣናንም ዓባይንም ጥሎ እንደሚሠራ እነግራቸዋለሁ። ከሌሎቹ የራቀ ቁጥር በመጻፍ ወይም በመለካት ስሕተት የመጣ ከሆነ ይታረማል ወይም ይወጣል። በትክክል ተለክቶ የራቀ ከሆነ ግን ከመረጃው ዋናው ክፍል እሱ ሊሆን ይችላል።

አማካዩም የሚታየው እዚያው ሽምብራው ላይ ነው። የባሕር ዳር የዓመት ዝናብ 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ለ12 ሲካፈል በወር 117 ያህል ይደርሳል። ይህ ቁጥር በሒሳብ ምንም እንከን አይወጣለትም፤ ነገር ግን ከ12ቱ ወራት 8ቱ ከእሱ በታች ናቸው፣ የቀሩት 4ቱ ከእሱ በእጅጉ ይበልጣሉ፣ 117ን የሚመስል ወር ደግሞ የለም። ወራቱን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድረን መሃሉን ብንወስድ፣ ማለትም ሚዲያን የምንለውን ብንፈልግ፣ የአማካዩን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሁለቱ ቁጥሮች እንዲህ ተራርቀው ሲገኙ ጅራት እንዳለ ያስጠረጥራሉ፤ አማካዩን ወደ ራሱ የሚጎትተው ጅራቱ ነውና። ስለ ቤት ኪራይም፣ ስለ ገቢም፣ አንድ ቤተሰብ ስላለው መሬትም ሲወራ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ጥቂት ትልልቅ ቁጥሮች አማካዩን ብዙው ሰው ከሚኖርበት ቦታ አርቀው ይወስዱታል።

እዚህ ላይ፣ ከጉዳዩ ሳልወጣ፣ ስለ አንድ ቃል ላንሣ። በእንግሊዝኛ እንዲህ ያለውን ስርጭት ወደ ቀኝ የተዛባ ይሉታል፤ እኛ መምህራን ደግሞ በአማርኛ ስናስረዳ «ወደ ቀኝ ያጋደለ» ማለት ለምደናል። ይህ አባባል ተማሪውን ወደ ተቃራኒው ይወስደዋል። ለአማርኛ ተናጋሪ፣ ይልቁንም ሐይቅ ዳር ላደገ ሰው፣ ታንኳ የሚያጋድለው ጭነቱ ወደ ከበደበት ጎን ነው፤ የአህያ ጭነትም እንዲሁ። ክምሩ በግራ ያለበትን ሥዕል አሳይቼ «ወዴት አጋደለ?» ስል ልጁ «ወደ ግራ» ይለኛል፤ በቋንቋው ትክክል ነው፣ በመጽሐፉ ግን ስሕተት ይሆንበታል። ለዓመታት ይህን የተማሪ ድክመት አድርጌ ስቆጥር ኖርኩ። የቃሉ ድክመት መሆኑ የገባኝ አንድ ተማሪ በቁጣ «መምህር፣ በዚያ በኩል እኮ አንድ ሰው ብቻ ነው የተቀመጠው፣ እንዴት ወደዚያ ያጋድላል?» ሲለኝ ነው። አሁን «ጅራቱ ወደ ቀኝ የረዘመ» ነው የምለው፤ ግራውንም እንዲሁ። ጅራቱ ወደ ግራ የሚረዝመው ለምሳሌ በቀላል ፈተና ነው፤ አብዛኛው ከፍተኛ ነጥብ ያገኝና ጥቂቶች ወደ ታች ይቀራሉ። በመጽሐፍ ዝግጅት ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች ጋዜጣችሁን የሚያነቡ ከሆነ፣ ይህን ነገር ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ከዚህ የማይተናነስ ጉዳት ያደረሰ ሌላም ቃል አለ። ደወል መሰሉን ስርጭት «ኖርማል» እንለዋለን። በከተማችን አነጋገር ኖርማል ማለት ጤነኛ፣ ደህና፣ ችግር የሌለበት ማለት ነው፤ ስለዚህ ተማሪው ጅራት ያለው ወይም ሁለት ጉብታ ያለው መረጃ ሲያይ አንድ የታመመ ነገር ያየ ይመስለዋል፣ ከቻለም ወደ ደወል ሊያስታምመው ይሞክራል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። የደወሉን ቀመር መነሻ የሒሳብ ሊቁ አብርሃም ደ ሞይቭር እ.ኤ.አ. በ1733 አስቀምጦት ነበር፤ ሌላው የሒሳብ ሊቅ ካርል ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1809 ከሥነ ፈለክ ልኬት ስሕተቶች ጋር አያያዘው። ሂስቶግራም የሚለውን ቃል ያስተዋወቀውና ኖርማል የሚለውንም ስም ካስለመዱት ሰዎች አንዱ የሆነው የስታቲስቲክስ ሊቁ ካርል ፒርሰን፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1920 ስሙ ሰዎች ሌሎቹን ስርጭቶች ሁሉ ጤና እንደጎደላቸው እንዲያዩ እንደሚያደርግ ራሱ ጽፏል። ደወሉ የሚገኝበት የራሱ ቦታ አለው። አርባ ተማሪ አንዱን ጠረጴዛ በየተራ ቢለካ ልኬቶቹ በአንድ መሃል ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ የአዋቂ ወንዶች ወይም የአዋቂ ሴቶች ቁመትም ለየብቻ ሲታይ ይመስለዋል። በዚያ ዓይነቱ ስርጭት ውስጥ ከመቶ 68 ያህሉ ከአማካዩ ግራና ቀኝ በአንድ መደበኛ ልይይት (ቁጥሮቹ ከአማካዩ በተለምዶ በሚርቁበት ልክ) ውስጥ ይወድቃል የሚለው ደንብም ይሠራል። በወር ዝናብ ላይ ግን ይህን ደንብ ማሠራት፣ አንዳንድ ወር ከዜሮ በታች ይዘንባል ወደማለት ያደርሳል። ተማሪዎቼ ስሌቱን ሲጨርሱ ያንን አሉታዊ ቁጥር ያገኙታል፤ በዚያች ቅጽበት የሚሰማው ሳቅ ከረጅም ማብራሪያ ይልቅ ያስተምራል።

ሁለት ጉብታ ስላለው ስርጭት ያየሁትን ደግሞ ልናገር። አንድ ማለዳ ተማሪዎችን ይዤ ዓሣ ወደሚወርድበት ወደ ሐይቁ ዳር ሄድን። የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘናል፤ ከአንድ ጀልባ የወረደውን ዓሣ አንድ በአንድ እየለካን መመዝገብ ነበር ሥራችን። ጀልባው ላይ ቆሮሶም አምባዛም ተደባልቆ ነበር፤ ቆሮሶው ስንዝር ያህል ወይም ትንሽ የሚበልጥ፣ አምባዛው ክንድ ያህልና ከዚያም በላይ። ልጆቹ እዚያው ቁጭ ብለው ደምረው አካፈሉና የዓሣው አማካይ ርዝመት ይህን ያህል ነው ብለው በእጃቸው ልክ ለባለ ጀልባው አሳዩት። ሰውየው እጃቸውን አየ፣ ጀልባውን አየ፣ ከዚያ «ይህን የሚያህል ዓሣ እኔ አላመጣሁም፤ እናንተ ከየት አመጣችሁት?» አላቸው። ሂስቶግራሙን ስንሠራው አማካዩ የዋለው በሁለቱ ጉብታዎች መካከል ባለው ሸለቆ፣ አንድም ዓሣ በሌለበት ቦታ ላይ ነበር። ሁለት ጉብታ ሲታይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቅርጫት ገብተው እንደሆነ ነው። ለያይቶ ማየት ይገባል፤ ለቆሮሶ የራሱ አማካይ፣ ለአምባዛም የራሱ።

በዚያው መረጃ ስለ ክፍል ስፋትም ተማርን። ርዝመቱን በየአንድ ሴንቲ ሜትር ስንከፍለው ሥዕሉ እንደ ሚዶ ጥርስ ተሰነጣጠቀ፤ በየግማሽ ሜትር ስንከፍለው ደግሞ ሁለቱ ጉብታዎች ተዋጡና አንድ ክምር ሆነ። ለክፍሉ ስፋት አንድ የታዘዘ ልክ የለም፤ ሁለት ሦስት ስፋት ሞክሮ በሁሉም ውስጥ የማይጠፋውን ቅርጽ ማመን ይሻላል። አንዳንዴ ጠባቡ ክፍል ሰፊው የሚደብቀውን ነገር ያወጣል። በአገራችን በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ተካሂዷል፤ የዕድሜ መልስ በየአንድ ዓመቱ ሲሣል በ30፣ በ35፣ በ40፣ በ50 ላይ ከፍ ብለው የሚቆሙ ዓምዶች ይታያሉ፣ አጠገባቸው ያሉት 31ና 41 ዝቅ ብለው ይቀራሉ። ልክ ከ30 ዓመት በፊት የተወለደ ሕዝብ በዝቶ አይደለም፤ የልደት ቀኑን ያልመዘገበ ሰው ዕድሜውን ሲጠየቅ በ0 ወይም በ5 ወደሚያልቅ ቅርብ ቁጥር ስለሚያጠጋጋ ነው። በየአምስት ዓመቱ ብንከፍለው ያ ሁሉ ወጣ ገባ ለስልሶ ይታያል።

ይህን ስናገር የራሴን መዝገብ አልዘልም። የአንድ ሴሚስተር ውጤት በየአንድ ነጥቡ ስሥለው በ47፣ በ48 እና በ49 ላይ ክፍተት፣ በ50 ላይ ደግሞ ድንገተኛ ዓምድ አየሁ። ተማሪዎቹ 48ን ዘለው የሚያልፉበት ምክንያት የላቸውም፤ እኔ እያዘንኩ ሳሻግራቸው ነው። ቅርጹ ያሳየኝ የተማሪዎቹን ዕውቀት ሳይሆን የመምህሩን እጅ ነበር።

ወደ ጋዜጣችሁ ልመለስ። ከእናንተ የምጠይቀው ከባድ አይደለም። የዓምድ ሥዕል ስታትሙ ወለሉ ምን እንደሚለካ፣ ቁመቱ ምን እንደሚቆጥር በአንድ መስመር ጻፉልን፤ ወለሉ ላይ የወር፣ የከተማ ወይም የክልል ስም ካለ ስለ ስርጭት ቅርጽ አትናገሩ፣ ስሞቹን በሌላ ተራ መደርደር ቅርጹን ይለውጠዋልና። አማካይ ስትጠቅሱ ከተቻለ ሚዲያኑንም አብራችሁ አስቀምጡ። በጋዜጣ ገጽ ላይ ቦታ ውድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይሁንና አንዲት ተጨማሪ ቁጥር የምትወስደው ቦታ ከአንድ ቃል አይበልጥም።

የዝናቡን ሥዕል በሚቀጥለው እትም እንደገና ብታወጡት፣ ከጃንዋሪ የሚጀምረውንና ከመስከረም የሚጀምረውን ጎን ለጎን አድርጋችሁ፣ ሦስተኛውን ደግሞ ወለሉ ሚሊ ሜትር የሆነውን ከሥራቸው ብታስቀምጡልን ደስ ይለኛል። ከመስከረም በሚጀምረው ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ያቺ የዘጌ ልጅ በሣለችው ሥዕል ከነሐሴ ቀጥሎ ጳጉሜን እንደ ጉቶ አጥራ ቆማ ነበር፤ እኔም በጊዜው ዝናቡ በጳጉሜን የሚቋረጥ አስመስሎታል ብዬ ልነቅፋት ከጅሎኝ ነበር። የጳጉሜን ዓምድ ያጠረው 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ 6 ቀን ብቻ ስላላት ነው፤ ሌሎቹ 30 ቀን አላቸው። ስፋታቸው እኩል ያልሆነ ክፍሎች ሲነጻጸሩ የሚታየው የዓምዱ ስፋት በቁመቱ ተባዝቶ ነው፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወር ጠቅላላውን ሳይሆን በቀን የወረደውን ሣሉ፣ የጳጉሜንንም ዓምድ በቀኖቿ ልክ አጥብቡት። ልጅቷ ዛሬ ራሷ መምህርት ናት፤ ጋዜጣችሁንም ታነባለች፣ ካልጠበበ ትጽፍላችኋለች።

ከአክብሮት ጋር፣
የስታቲስቲክስ መምህር፣ ከባሕር ዳር